የሙሽሪት ሱባኤ

ደባርቅ ላይ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጠባዬ ከእንጀራዬ የመጣ መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው። ከዛሪማ ቆላ የተነሳ መንገደኛ ሊማሊሞን ወጥቶ እኛ ከተማ ሲደርስ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእኔን ሱቅ ነው። የጊች ሰዎችም በበቅሎ ወርደው ከእኔ ይገዛሉ፤ እነሱስ ብርዱን ለምደውታል፣ የሚገዙት ለሙሽራ መኝታ ነው። እንዲህ ስል ስል ሰው ባየሁ ቁጥር ከሰላምታ በፊት "ይሄ ሰው በርዶት ይሆን?" የምል ሆኜ ቀረሁ። ባሌ "አንቺ እኮ ብትደርሺበት የስሜንን ተራራ ጋቢ ታለብሺው ነበር" እያለ ይቀልድብኛል። አልተሳሳተም።

እናቴ ከእኛ ወዲያ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዳባት ብቻዋን ትኖር ነበር። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ እኔ ደግሞ ብቸኛ ልጇ ነኝ። ከእኔ ጋር ኑሪ ብዬ ያልለመንኩበት በዓል የለም። "ቤቴስ?" ትለኛለች። ሌላ መልስ የላትም። ከዚያ አንድ ክረምት፣ በነሐሴ ጭቃ፣ ግቢዋ ውስጥ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋን ተጎዳች። ጎረቤቷ እሳት ልትጭር ስትመጣ ነው ያገኘቻት። እስከዚያ ዝናቡ ላይዋ ላይ እየወረደ ተኝታ ነበር። ጎንደር አሳክሜ በቀጥታ ወደ ቤቴ አመጣኋት፤ ያን ጊዜ "ቤቴስ?" ለማለት እንኳ አቅም አልነበራትም።

ይዛ የመጣችው ዳዊቷን፣ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ያሰረችውን የዳባት ቤቷን ቁልፍ፣ እና ሙሽሪትን ነው።

ሙሽሪት አበባ ናት። እናቴ ከዓመታት በፊት ለዘመድ ሰርግ ጎንደር ሄዳ፣ ከሙሽራዋ ቤት መስኮት ላይ አንዲት ቅጠል ቆንጥራ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣቻት፤ ስሟም ከዚያ ወጣ። አንድ ደንበኛዬ የሆነ የሎጅ አትክልተኛ የቁልቋል ዘር ናት ብሎኛል። እኛ ቁልቋል ስንል የምናውቀው አጥር የሚሆነውን ባለ እሾሁን ነውና እናቴ ይህን ስትሰማ ተቀይማው ነበር። ሙሽሪት እሾህ የላትም። ቅጠሏ ጠፍጣፋ ነው፣ አንዱ ከአንዱ ጫፍ እየበቀለ እንደ መቁጠሪያ ይንጠለጠላል። የተተከለችው ግማሹ በተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይህን ያህል የምትታይ ነገር አይደለችም። ኅዳር ላይ ግን ከየቅጠሉ ጫፍ ቀይ እምቡጥ ታወጣና ለገና ትፈነዳለች። ዳባት ውስጥ ለገና እናቴ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ እሷን አይቶ ነበር እናቴን የሚስመው።

ደባርቅ በመጣን በመጀመሪያው ገና ሙሽሪት አላበበችም። እናቴ ሳሎን ውስጥ አልጋዋ ላይ ሆና ቀኑን ሙሉ አየቻት። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ "ቤቱ አልተስማማትም" አለች።

"ኧረ እማ፣ አበባ ናት፤ ዛሬ ካልሆነ ነገ ታብባለች።"

"እኔንም አልተስማማኝም።"

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ተቆጥታ ብትሆን መልስ አላጣም ነበር፤ ለቁጣ መልስ ሞልቶኛል። እጇን አንገቷ ላይ ወዳለው ቁልፍ ሰደደችና "ስሚኝ" አለችኝ። "እስከ መጪው ገና እቀመጣለሁ። ሙሽሪት ካበበች ቤቱ ተቀብሎናል ማለት ነው፤ እስክሞት ካንቺ አልለይም፣ ዳግመኛም ስለ ዳባት አላነሳብሽም። ካላበበች ግን ሁለታችንንም ወደ ቤታችን ትመልሺናለሽ። ማይልኝ።"

ማልኩላት። እሷም ቃሏን ሰጠችኝ። እናቴ አንዴ ቃሏን ከሰጠች ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል አታጥፍም፤ ከማን እንደወረስኩት ባላውቅም እኔም እንደዚያው ነኝ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ሙሽሪት ላይ ወደቀ። ካላበበች እናቴ ወደዚያ ጭቃ፣ ወደዚያ ባዶ ቤት ልትመለስ ነው።

ከዚያ በኋላ ሙሽሪትን የያዝኳት እንደ አራስ ነው። አራስ ቤት እንደሚደረገው ንፋስ እንዳይነካት የሳሎኑን መስኮት ደፈንኩ። ከሰል ምድጃው አጠገብ፣ ከእናቴ ራስጌ አስቀመጥኳት። ጀሪካኗን በብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቀለልኩላት። ጠዋት አጠጣለሁ፣ ማታ አጠጣለሁ፣ በመሃል ሊጠይቀን የመጣ ሰው ሁሉ ብርጭቆው ውስጥ የተረፈውን ውሃ ይጨምርላታል። አንዲት ወዳጄ "አራስ ካልሽ ቅቤስ?" ብላ ብትቀልድብኝ፣ እኔ ደግሞ ቀልዱን የምር አድርጌ ቅጠሏን አንድ በአንድ ለጋ ቅቤ ቀባኋት። በሦስተኛው ቀን የመንገዱን አቧራ ሁሉ ሰብስባ ወፍጮ ቤት የዋለች መሰለች። እናቴ በረጠበ ጨርቅ ስትጠርግላት አንድ ቀን ፈጀባት።

እናቴ እዚያው ሳሎን ትተኛ ነበር። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው። ሌሊት ስትነሳ እንዳትወድቅም አምፖሉ አይጠፋም፤ መብራት ሲሄድ እንኳ የባትሪ ፋኖስ አበራለሁ። እንዳይደብራት ብዬ የከፈትኩት ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። እኔም ከሱቅ ብቅ እያልኩ "እማ፣ በረደሽ? እማ፣ ራበሽ?" ነው። "ደህና ነኝ" ትላለች። ዳዊቷን አንዳንዴ ገልጣ ትይዘዋለች፤ ከዚያ አንድ ሰው "እንዴት ዋሉ እማማ" ብሎ ይገባል፣ ትዘጋዋለች። ይህን ሁሉ አያለሁ፤ ልብ ግን አላልኩትም።

ሙሽሪት ለመለመች። ለመለመች ብቻ ሳይሆን ወፈረች፤ አዲስ ቅጠል በአሮጌው ላይ ደራርባ ከጀሪካኑ ወጥታ ወደ መሬት ወረደች። ልቤ ጮቤ ረገጠ። እናቴ ግን አንድ ቀን ቅጠሏን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችና "ይህች ልጅ ጠግባለች" አለች። ጥሩ ነገር የተናገረች መስሎኝ ሳቅሁ።

መስከረም ጠባ፣ መስቀልም አለፈ። ጽጌ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት እናቴን ከሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኳት። እግሯ በርትቶ በምርኩዝ መሄድ ጀምራለች። መንገዱን፣ በቅሎዎቹን፣ ሚኒባሶቹን እያየች ቆየችና "ዘንድሮም ሱባኤ ሳልገባ ጽጌ ሊያልፍ ነው" አለች።

ዳባት ሳለች በየዓመቱ ጽጌ ሲገባ ከከተማው ወጣ ወዳለ ደብር ትሄድና ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ባለች ጎጆ ሱባኤ ትገባ ነበር። ቆሎና ውሃ፣ ጸሎት፣ ዝምታ። ኅዳር ላይ ስትጨርስ ከስታ፣ ፊቷ ግን በርቶ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ለጨዋታ ያህል ነው የጠየቅኋት።

"ሱባኤ ስትገቢ ሙሽሪትን ማን ነበር የሚያጠጣት?"

"ማን ያጠጣታል? መስኮቱን ጠርቅሜ፣ ቤቱን ቆልፌ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ነው የምሄደው።"

"በጨለማ? ያለ ውሃ?"

"በመስኮቱ ስንጥቅ ትንሽ ብርሃን ይገባላታል። ምን ታደርግ፣ እሷም ከእኔ ጋር ትጾማለቻ። ስመለስ ኩምትር ብላ አገኛታለሁ። አንድ ጉንጭ ውሃ አጠጣታለሁ። ሳይሰነብት ታቆጠቁጣለች።" ትንሽ አሰበችና "በረከቱ ደርሷት ነው" አለች።

ብርድ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፤ ግማሹ ላይ ተውኩት።

"እማ፣ ሙሽሪት እኮ እኔ ቤት ከገባች ጀምሮ ጨለማ አይታ አታውቅም" አልኳት።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ በቀስታ "እኔስ?" አለች።

ዓመት ሙሉ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስቀልብ ኖሬያለሁ። አምፖል ከላይ፣ ምድጃ ከጎን፣ ወሬ ከፊት። ጽጌ በመጣ ቁጥር ከሰው ርቃ የምትቀመጥ ሴት እኔ ቤት አንዲት ሰዓት እንኳ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ማልቀስ አማረኝ። ደንበኛ ገባና "ለሁለት ሰው የሚሆን አለ?" አለኝ፤ ሸጥኩለት።

በዚያው ቀን ከሱቁ ኋላ ያለውን ዕቃ ቤት ማጽዳት ጀመርን። ወደ ተራራው የሚያይ፣ ንፋሱ እንደልቡ የሚገባበት፣ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው ክፍል ነው፤ የሚሸጠውን ብርድ ልብስ የማከማችበት። ባሌ ሳሎኑ እስከ ጣራው በብርድ ልብስ ሲሞላ አይቶ "እኛስ የት ልንቀመጥ ነው?" አለ። "ላዩ ላይ" አልኩት። የእናቴን አልጋና አንድ በርጩማ አስገባን፤ ሙሽሪትን ከትንሿ መስኮት ሥር አስቀመጥናት። እናቴ በምርኩዟ እየዞረች ግድግዳውን ዳሰሰች። "ይበርዳል" አለች። በድምጿ ውስጥ ደስታ ነበረበት፤ እኔ ደግሞ ይህን ቃል በደስታ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። ቀን ቀን መስኮቱ ይከፈታል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይዘጋል፣ ሙሽሪት ላይም የብርድ ልብስ ካርቶን ይደፋባታል። አምፖል አይበራም። ውሃ የምታገኘው አፈሯ ደርቆ ሲሰነጠቅ ብቻ ነው። እኔም ሳልጠራ አልገባም፤ ቆሎዋንና ውሃዋን ከበሩ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ።

"ብትወድቂስ?" አልኳት።

"ከወደቅሁ ትሰሚኛለሽ። ግድግዳው ስስ የኮምፖርሳቶ ጣውላ ነው፤ ትንፋሽም ያሳልፋል።"

ጽጌ ገባ። እውነቱን ልናገርና የጾምኩት እኔ ነኝ የሚመስለኝ። ከሰዓት በኋላ ብርዱ መውረድ ሲጀምር እግሬ ራሱ ወደዚያ በር ይወስደኛል። ብርድ ልብስ ታቅፌ ደርሼ፣ እጄን ለማንኳኳት አንስቼ፣ እንደገና አውርጄ የተመለስኩበትን ጊዜ ባሌ ያውቀዋል። ጆሮዬን ኮምፖርሳቶው ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። ዳዊቷን በቃሏ ትደግማለች፤ ለእሱ ብርሃን አያስፈልጋትም። ድምጿ ዝግ ያለ፣ የተስተካከለ፣ የማይቸኩል ነው። ሳሎን ሳለች ይህ ድምፅ አልነበራትም። ልጅ ሆኜ ዳባት ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ድምፅ ነው፤ መርሳቴን እንኳ አላወቅሁም ነበር።

አንድ ምሽት ራት ሳቀርብ ከዚያ ክፍል አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ሳህኑን የት እንደጣልኩት እንጃ። በሩን በርግጄ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ ገባሁ። እናቴ አልጋዋ ላይ ደልደል ብላ ተቀምጣለች። ምርኩዟ መሬት ላይ ተጋድሟል።

"አጥፊው" አለችኝ።

"እማ፣ የወደቅሽ መስሎኝ እኮ ነው።"

"ምርኩዙ ነው የወደቀው። አጥፊው፣ ሙሽሪትን ትቀሰቅሻታለሽ።"

ሙሽሪት ካርቶኗ ውስጥ ናት፣ ምንም አላየችም። ቢሆንም አጠፋሁት። በጨለማው ቆሜ ልቤ ሲደልቅ ይሰማኛል። እናቴም ሳትሰማው አልቀረችም፣ "ነይ፣ አረፍ በይ" አለችኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እጄን ያዘችው። በዚያ በረዶ ክፍል፣ ያለ ምድጃ፣ እጇ ከእጄ ይልቅ ሞቃት ነበር። ከዚያ "በይ ሂጂ፣ ባልሽን ራት አብዪው" አለችኝ።

ጽጌ አለፈ፣ ኅዳር ተጋመሰ። እናቴ ወደ ሳሎን አልመለስም አለች፤ እኔም አልተከራከርኳት፣ የሚያስቀምጥ ቦታም አልነበረንም። ጠዋት ጠዋት ወጥታ ከእኛ ጋር ቁርስ መብላት ጀመረች። ራሷ ወሬ ትጀምራለች፣ ባሌን ትተርበዋለች። "ሙሽሪትስ?" እላታለሁ። "ገና ናት" ትለኛለች። ልይ ስላት "ተያት፣ የሰው ዓይን አይበጃትም" ትላለች። ለዓይን ስትል ነጠላ ጣል አድርጋባታለች። ለእናቴ ዓይን የሚባለው ነገር ቀልድ አይደለምና ተውኳት።

ታኅሣሥ ገባ። "ገና ናት።" የጾሙ ወር አብዛኛው አለቀ። "ገና ናት።" ተስፋ ቆረጥኩ። ዳባት ለጎረቤቷ፣ ያኔ ከጭቃው ላገኘቻት፣ ደውዬ እናቴ ብትመለስ ማታ ማታ መጥታ አብራት ታድር እንደሆን ጠየቅኋት። "እሺ፣ ምን ገዶኝ" አለችኝ። ከሱቁ ያለውን ወፍራሙን ብርድ ልብስ መርጬ ለእናቴ ለብቻ አስቀመጥኩ። ይህን ሳደርግ እየነደድኩ ነው፤ በእናቴ፣ በሙሽሪት፣ በማልኩበት ቀን። "ለአንዲት ቅጠል ብዬ እናቴን ልሰጥ ነው?" እለዋለሁ ባሌን። "ለቅጠሏ አይደለም፣ ለቃልሽ ነው" ይለኛል። ልክ ሲሆን ይበልጥ ያናድደኛል።

ለታኅሣሥ ገብርኤል እናቴ በባሌ ክንድ ተደግፋ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ለእንግዳ ቤት ላዘጋጅ ቀረሁ። ሁሉን ጠርጌ ስጨርስ የእሷን ክፍል ሳልጠርግ መተው ነውር መሰለኝና ገባሁ። ከመስኮቱ ሥር ለመጥረግ ጀሪካኑን ሳብ ሳደርገው ነጠላው ተንሸራተተ።

ወደ መስኮቱ በዞረው ጎኗ፣ ከየቅጠሉ ጫፍ፣ ቀይ እምቡጥ ተንጠልጥሏል። ጣት ጣት ያህላሉ። አንዱ ፈንድቶ ቅጠሎቹን ወደ ኋላ ገልብጧል። መጥረጊያውን እንደያዝኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው፤ ብቻዬን "እሰይ" ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ነገሩ ገባኝ። እንዲህ የደረሰ እምቡጥ የዛሬ አይደለም። እናቴ ስታየው ከርማለች፣ እኔንም "ገና ናት" ስትለኝ ከርማለች።

ስትመለስ እዚያው ተቀምጬ አገኘችኝ። በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ሙሽሪትን አየች፣ ከዚያ እኔን። ባሌ ነገሩ ገብቶት ዘወር አለ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ምርኩዟን በጉልበቶቿ መሃል አቆመች።

"ጽጌ እንዳለፈ አየኋት። ያን ጊዜ የገብስ ፍሬ ነበር የምታህለው" አለችኝ። "ካበበች ዳባት ቀረ ማለት ነው። አባትሽ የሠራው ቤት ቀረ ማለት ነው። ሆዴ ባሰኝ። አንድ ቀን ልቀነጥሳት እጄን ሰደድኩ። ማን ያየኛል? አንቺ አትገቢ። ለቅሜ በመስኮት ብጥላቸው፣ ለገና አላበበችም እልሽና እሄዳለሁ። አንቺም ምለሽልኛል።"

"ታዲያ ለምን ተውሻት?"

ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ጭኗ ላይ አጣጠፈችው።

"በዚያች ሰዓት እንደ ልማድሽ ከበሩ ውጭ ነበርሽ። ትንፋሽም ያሳልፋል ብዬሽ የለ? መጥተሽ ስትቆሚ ሰማሁሽ። ብርድ ልብሱ ከኮምፖርሳቶው ጋር ሲታከክ ሰማሁ። ቆምሽ፣ ቆምሽ፣ ከዚያ ሳታንኳኪ ተመለስሽ። እጄ እምቡጧ ላይ ነበር። ይህች ልጅ ልቧ እየነደደ እጇን ከእኔ ሰበሰበች፤ እኔስ ከሙሽሪት እጄን መሰብሰብ እንዴት ያቅተኛል አልኩ።"

ከዚያ እጇን አንገቷ ሥር አስገብታ ቁልፉን መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው የብዙ ዘመን ነው፣ ጣቶቿም እንደ ድሮው አይደሉም። ላግዛት አልቻልኩም። ፈታችውና መዳፌ ላይ አኖረችው።

"ቃል ቃል ነው" አለችኝ። "አከራዪው፣ ሽጪው፣ እንደ ወደድሽ።"

ቁልፉ የደረቷን ሙቀት ይዟል። ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ። እሱ እጄ ከገባ እናቴ ዳግመኛ ያ ጭቃ ላይ አትወድቅም፣ እኔም እፎይ ብዬ እተኛለሁ እል ነበር። አሁን እጄ ገብቶ ከበደኝ። ከመዳፌ አንስቼ መልሼ ክሩ ላይ አስገባሁትና ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰርኩት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"አንቺ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ፤ ቃልሽ ቃል ነው" አልኳት። "የሙሽሪት የጽጌ ቤቷ ግን ዳባት ነው። ማን ይወስዳታል? ማንስ ይከፍትላታል?"

እናቴ ሳቀች፤ ወዲያውም ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ለገና ሙሽሪትን ሳሎን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሱ ክምር አናት ላይ አስቀመጥናት። የመጣው እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ እሷን አይቶ እናቴን ሳመ።

ዘንድሮ መስከረም ሊያልቅ ሲል ዳባት ሄድን። እናቴ ጋቢና ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ፣ ሙሽሪት ጭኔ ላይ። ቤቱን የከፈተችው እናቴ ናት። ባሌ ቀደም ብሎ ሄዶ ግቢው ውስጥ፣ ያዳለጣት ቦታ ላይ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፎላታል። ደብሩ ድረስ መሄድ ስለማትችል ሱባኤዋን ቤቷ ውስጥ ልትይዝ ነው፤ ጎረቤቷም በውጭኛው ክፍል ልታድር ተስማምታለች። ጠረግሁ፣ አልጋዋን አነጠፍኩ፣ ሙሽሪትን መስኮቱ ሥር አኖርኩ፣ መስኮቱን ራሴ ጠረቀምኩት።

ያን የመረጥኩትን ወፍራም ብርድ ልብስ ይዤ ሄጄ ነበር። አልጋዋ ላይ ዘረጋሁት። አጠፍኩት። መልሼ ዘረጋሁት። እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና ታየኛለች። በመጨረሻ አጠፍኩትና ብብቴ ሥር ያዝኩት። ጉልበቷን ስሜ ወጣሁ፤ ከኋላዬ በሩን ከውስጥ ስትቆልፈው ሰማሁ። አውራ መንገዱ ላይ ቆሜ የደባርቅ ሚኒባስ ስጠብቅ ብርዱ ወርዶ ነበር። ብርድ ልብሱን ፈትቼ ራሴ ደረብኩት።